ያልተጠየቀ ሂሳብ

በእኛ በስፔኗ የዛሞራ ከተማ ሰዎች ዘንድ ሂሳብ አይመጣም፤ ይጠራል። በልቶ ጠጥቶ አፉን ጠርጎ ሂሳቡ በራሱ እግር እንዲመጣለት የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ እንግዳ ነውና እዚያው እንደተቀመጠ ይመሽበታል። ሳይጠራ የመጣ ሂሳብ ደግሞ «በቃችሁ፣ ተነሡልን» ከማለት አይተናነስም። ይህን ማንም ማንንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረም። ከምሳ በኋላ ያለው ወሬ የምሳው ግማሽ እንደሆነ፣ እንዲያውም የሚጣፍጠው ግማሽ እሱ እንደሆነ፣ ልጆቻችን ጠረጴዛ ሥር እየተሯሯጡ ሲያድጉ ያውቁታል።

ኤላዲዮ ይህን ሕግ ከሁላችን አብልጦ ያከብር ነበር። «ሽመላ» በሚባለው ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆኖ የገባው ጢሙ ገና ሲያቆጠቁጥ ነው። አሁን ጢሙም ፀጉሩም ነጥተዋል፣ እግሩም ከመቆም ብዛት ወደ ውጭ ዞሯል፤ ነጭ ሸሚዙ ግን ዛሬም ከተልባ እግር ልብስ ይልቅ ይነጣል። ሚስት አላገባም። እናቱን እስክትሞት ጦረ፣ ከዚያ በኋላ ጊዜው አለፈ። «ትሪውን አግብቶ ነው» ይሉታል ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ወይን የሚጠጡት፤ እሱም ይስቃል። ሲስቅ ግን ትሪውን ጠበቅ አድርጎ ይይዘዋል።

ሥራው የሰው እጅ ማንበብ ነበር። ሂሳብ ሲፈልግ መሐንዲሱ በአየር ላይ ፊርማውን ይፈርማል። የሥጋ ሻጩ ሚስት ቅንድቧን ብቻ ታነሣለች። ጡረተኞቹ «ሲመችህ» ይሉታል፤ ሲመችህ ማለት አሁኑኑ ማለት ነው። ሁለት ባልንጀሮች አብረው ከበሉ አንዱ ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብሎ ይነሣና ሹልክ ብሎ ይከፍላል፤ ሌላው ሲሰማ «ንቀኸኝ ነው!» ብሎ ይቆጣል፣ ኤላዲዮ መሐል ገብቶ ያስታርቃል። የውጭ አገር ሰዎች ከመጽሐፍ ያጠኗትን «ላ ኩዌንታ፣ ፖር ፋቮር»፣ ሂሳብ እባክህ ማለት ነው፣ እንደ ጸሎት ይደግሙለታል፤ ገና ጣፋጩ ሳይቀርብ ነው የሚሉት። ለእነሱ አዝኖ ያመጣላቸዋል፤ ምን ያድርጉ፣ ባቡር ያመልጣቸዋል። ጣቱን እያጮኸ የሚጠራውን ግን አይሰማም። እንዲህ ያለውን ሰው ባቡሩ ሳይደርስ እኔ ራሴ ብሸኘው ደስ ባለኝ።

እሁድ እሁድ ደግሞ መስኮቱ አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ የዶኛ ኦብዱሊያ ናት፤ ዶኛ እኛ ዘንድ እመቤት ማለት ነው። ዶኛ ኦብዱሊያ ባልቦራስ በሚባለው ቁልቁለት ላይ የክርና የልብስ ቁልፍ ሱቅ አላት። ሱቁንም ቤቱንም ከእህቷ ከሌኦኖር ጋር ነበር የያዘችው፤ ሁለቱም አላገቡም፣ ሁለቱም ሲከራከሩ ነው የኖሩት። ሌኦኖር ስትሞት ክርክሩም አብሮ ተቀበረ። ከቀብሩ በኋላ በመጣው እሁድ ኦብዱሊያ ብቻዋን ወደ ሽመላ ገባች፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፣ የነጭ ሽንኩርት ሾርባና ሩዝ በላች። ከዚያ ወዲህ እሁድ ቀርታ አታውቅም።

ቡናዋን በትንሽ ወተት ትጠጣና ጋዜጣዋን ትዘረጋለች። የመጨረሻው ገጽ ላይ አግድምና ቁልቁል የሚሞላ የቃላት ጨዋታ አለ፤ እሱን በብዕር ትጀምራለች። በእርሳስ አትጽፍም፤ «በእርሳስ የሚጽፍ ሰው ፈሪ ነው» ትላለች። ሌሎቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ፣ ኤላዲዮ የጠረጴዛ ልብሶቹን ሲሰበስብ፣ ጥያቄዎቹን ጮክ ብላ ታነብለታለች።

«በውሃ ዳር የሚኖር፣ አራት ፊደል።»

«እንቁራሪት ነዋ፣ ዶኛ ኦብዱሊያ።»

«እንቁራሪት አራት ፊደል ከሆነች አንተም ጳጳስ ነህ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ብዕሯን ብድግ አድርጋ አየር ላይ አንዲት አጭር ሰረዝ ትሰርዛለች። ያኔ ሂሳቡን ይዞ ይመጣል። ስትወጣ ጋዜጣውን አጥፋ ወንበሩ ላይ ትተውለታለች፤ ግማሹ የተሞላ፣ ግማሹ ባዶ። «የቀረውን አንተ ጨርስ» ትለዋለች። እሱም ማታ ክፍሉ ገብቶ ጫማውን አውልቆ ይጨርሳል፣ በሚቀጥለው እሁድ የቱ ላይ እንደተቸገረ ይነግራታል። ሌላ ነገር በመካከላቸው የለም። ይህች ግን ለኤላዲዮ የሳምንቱ ማሰሪያ ነበረች፤ ሰኞ ሲሆን እሁድን መጠበቅ ይጀምራል። ይህን ለማንም አልተናገረም፣ ለራሱም ቢሆን በግልጽ አልነገረውም።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ሽማግሌው ኢላሪዮ ሲሞት ልጁ ሶኮሮ ተረከበችው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ኤላዲዮ አዝሏት ያደገች ልጅ ናት። ግን ማድሪድ ውስጥ ሠርታ ስለመጣች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለቴ ማስበላት ይቻላል የሚል ትምህርት ይዛ መጣች። መጀመሪያ የምግብ ዝርዝሩን አሳጠረች፣ ቀጥሎ ወንበሮቹን ለወጠች። ኤላዲዮ ሁሉንም ዝም ብሎ ተቀበለ። ወንበር ምን ያደርጋል፣ ሰው ነው የሚቀመጥበት።

የሆሳዕና ዕለት ዝናብ ጣለ። በሕማማት ሳምንት ከተማችን ታብጣለች፤ ሰልፉን ሊያይ ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ ዘንባባውን በብብቱ ይዞ በየምግብ ቤቱ ደጃፍ ይሰለፋል። ሽመላ በር ላይም ካፖርታቸው የራሰ ሰዎች ቆመዋል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ሶኮሮ ከባንኮኒው ጀርባ ኤላዲዮን በክንዱ ያዘችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ሂሳብ ከቡና ጋር ይወጣል።»

«ሳይጠይቁ?»

«ሳይጠይቁ! እዚያ ውጭ ሰው በዝናብ ይበሰብሳል፣ እዚህ ውስጥ አንዷን ስኒ ታቅፎ ይተኛል። ፍረድ እስቲ አንተ!»

እውነቷን ነው፣ ሰው በስብሷል። ኤላዲዮ ሂሳብ ያለባቸውን ትናንሽ ሰሃኖች በትሪው ደርድሮ ወጣ። መሐንዲሱ ሰሃኑን አየና ሰዓቱን አየ። የሥጋ ሻጩ ሚስት ቅንድቧን አነሣች፣ ያነሣችው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ሁሉም እያጉረመረሙ ተነሡ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ኤላዲዮ አለፋት። ቡናዋን ብቻ አስቀምጦላት አለፈ።

«የመስኮቷስ?» አለች ሶኮሮ ከባንኮኒው።

«እሷ ትቆይ።»

«ለምን ትቆያለች? እጮኛህ ናት እንዴ?»

ሶኮሮ ድምፅዋን ከፍ ያደረገችው ሁካታው ስለበዛ እንጂ ልታዋርደው አልነበረም። ግን ባንኮኒው ላይ የተደገፉት ሁሉ ሰሙ። «ለዚህ ነዋ!» አለ አንዱ፣ «ለዚህ ነዋ በየሳምንቱ ሸሚዙን የሚተኩሰው!» ሌላው ደግሞ፣ «ተዉት እባካችሁ፣ ቁልፏን ቆጥሮ አልጨረሰም» አለ። ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ተያያዘ።

ኤላዲዮ በዕድሜ ዘመኑ ብዙ ተቀልዶበታል፣ ሁሉንም ስቆ ነው ያሳለፈው። ይህኛው ግን ገባበት፤ እውነት ነበረበትና። ጆሮው ድረስ ቀላ። አይደለም ማለት የሚችልበት አንድ መንገድ ብቻ ነው የታየው። አንዱን ሰሃን አነሣ፣ ወደ መስኮቱ ሄደና ገና እንፋሎቱ ከሚወጣው ስኒዋ አጠገብ ሂሳቡን አስቀመጠ።

ኦብዱሊያ ብዕሯን ይዛለች። ሰሃኑን አየችው፣ ከዚያ ቀና ብላ እሱን አየችው።

«አልጠራሁህም እኮ» አለች በቀስታ።

«ሰው በዝቶብን ነው።»

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሏል እንዲህ ያለው ነው። ኦብዱሊያ የብዕሯን ክዳን ዘጋች፣ ከፈለች፣ ካፖርቷን ለበሰች። ቡናዋን አልጠጣችውም። ጋዜጣውን አጥፋ በብብቷ ያዘችና ወደ ዝናቡ ወጣች። ወንበሩ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። ገና በሩ ሳይዘጋ የራሰ ካፖርት የለበሰ ቤተሰብ መጥቶ መስኮቱን ያዘ።

ለፋሲካ አልመጣችም። ከዚያ በኋላ በመጣው እሁድም አልመጣችም። ኤላዲዮ «ጠረጴዛው ተይዟል» እያለ መስኮቷን ጠበቀላት፤ ሶኮሮ ዓይኗን ስታፈጥበት ለሌላ ሰው ሰጠ። ሰኞ መጣ፣ እሁድን የሚጠብቅበት ምክንያት አጣ። ሾርባ ደፋ። ዓሣ ላዘዘው ሥጋ ወሰደ። ጣቱን ያጮኸ ሰው ሲጠራው እንኳ ሄደ፤ ሰዎች የታመመ መስሏቸው ነበር።

ምግብ አብሳይዋ ካሲልዳ ናት የያዘችው። ካሲልዳ ወፍራም ናት፣ አፏ ከቢላዋዋ ይስላል፣ ከኤላዲዮ ጋር በአንድ ኩሽና አርጅታለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ያልሰበርከው ሰሃን የቱ ነው? ሂድና ሴትዮዋን ይቅርታ በላት።»

«የትኛዋን ሴትዮ?»

«ንግሥቲቱን! አሁን እኔ ላይ ነው የምትጫወተው?»

«ምን ብዬ እሄዳለሁ፣ ካሲልዳ? ምን አለኝና?»

«ቁልፍ ተበጥሶብኝ ነው በላ። የክር ሱቅ ነው ያላት፣ ቤተ መንግሥት አይደለም።»

ሰኞ ምግብ ቤቱ ዝግ ነው። ኤላዲዮ ደህናውን ኮቱን ለብሶ ባልቦራስ ቁልቁለት ጫፍ ላይ ቆመ። ኮቱ ምንም አልጎደለበትም፤ ቁልፎቹ ሁሉ በሥርዓት ተሰድረዋል። ግራና ቀኝ አየና ሰው አለመኖሩን ሲያረጋግጥ የመሐለኛውን ይዞ ነቀለው። ጨርቁም ትንሽ ተቀደደ፣ አላስተዋለም።

ወደ ሱቁ ሲገባ የበሩ ደወል ጮኸች። ኦብዱሊያ ከመደርደሪያው ፊቷን መለሰች።

«ምን ልርዳዎት?» አለችው።

«እርስዎ» ብላው አታውቅም። ሌኦኖር በሕይወት ሳለችም፣ ከሞተችም በኋላ፣ ኤላዲዮ ሁልጊዜ «አንተ» ነበር። ይህች «እርስዎ» ከዝናቡ ቀን ይልቅ በረደችው።

«ቁልፍ ወልቆብኝ ነው።»

ኮቱን ሳብ አድርጋ በመነጽሯ ሥር አየችው። «ይህ አልወለቀም። ተነቅሏል። የነቀለው ሰው ደግሞ ጨርቅ አያውቅም። ቁልፉስ?»

ኤላዲዮ ከኪሱ አወጣና ባንኮኒው ላይ አኖረው።

«ቁልፍ ካለዎት ታዲያ እኔ ምን ልሽጥልዎት?»

ኤላዲዮ አሰበ። «ክር» አለ።

የኦብዱሊያ ከንፈር ጥቂት የተንቀሳቀሰ መሰለው፤ ወዲያው ተመለሰ። ኮቱን እንዲያወልቅ አላለችውም። በመርፌ ጥቁር ክር አስገባችና እንደለበሰው ትሰፋለት ጀመር። ጭንቅላቷ ደረቱ አጠገብ ነው፤ እንዳትወጋው ይሁን ሌላ፣ እስትንፋሱን ያዘ። ያን ሁሉ መንገድ ሲያሰላስለው የመጣው ንግግር ከጭንቅላቱ ጠፋ። የቀረችው አንዲት ነገር ነበረች።

«እሁድ ምሳ ልጋብዝዎት። ሽመላ አይደለም። ከድልድዩ ማዶ።»

«እሁድ ሥራ የለዎትም?»

«አለኝ።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ለክሩ አይከፈልም» አለችው። ስለ እሁዱ አንድም ነገር አልተናገረችም፤ ደወሏ እያቃጨለች ወጣ።

ማክሰኞ ዕለት ሶኮሮን አገኛት፤ ባንኮኒው ላይ የተለመዱት ሰዎች ተደግፈዋል። ኤላዲዮ ቆይ ብቻዋን ላግኛት ሊል ይችል ነበር። አላለም።

«የሚመጣው እሁድ ዕረፍት እፈልጋለሁ።»

«እሁድ?» ሶኮሮ የምትጠርገውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «ምነው፣ ሰው ሞተብህ?»

«ምሳ ልበላ ነው።»

«ምሳ! ከማን ጋር?»

«እጮኛህ ናት ወይ ካልሽኝ ሴትዮ ጋር። ያን ቀን አልመለስኩልሽም ነበር። አይደለችም። ግን እሷ ባለችበት መቀመጥ ደስ ይለኛል። ይኸው ነው።»

ያ ስለ ሸሚዙ የቀለደው ሰው ወይኑን አተኩሮ ያየው ጀመር፣ ዝንብ የገባበት ይመስል። ሶኮሮ ደግሞ ፊቷ ተለዋወጠ፤ የሆሳዕና ዕለት ያደረገችው አሁን ነው የገባት።

«ሽርጥህን ተውልኝ» አለች በመጨረሻ። «እኔ አስተናግዳለሁ። ካሲልዳ እንዳትሰድበኝ ብቻ ንገራት።»

እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ ኤላዲዮ የድንጋዩ ድልድይ አፋፍ ላይ ቆመ። የዱዌሮ ወንዝ ሞልቶ ቡናማ ሆኖ ይፈሳል። ትመጣለች ያለው የለም፤ አትመጣም ያለውም የለም። ከቤተ ክርስቲያን የወጡ ሰዎች እያለፉት ሄዱ። አንዱ «ኤላዲዮ! ዛሬ ሽመላ ተቃጠለ እንዴ?» ብሎት አለፈ። ሊመለስ ሲል ሰማያዊ ካፖርቷን ከሩቅ አያት። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ሳትቸኩል ትመጣለች።

ከድልድዩ ማዶ ያለው ቤት ወንዙን ያያል። የሚያስተናግደው ወጣት ሰሃን የሚያነሣው አውራ ጣቱን ሾርባው ውስጥ ነክሮ ነው። ኤላዲዮ አላስቻለውም፤ የዳቦ ፍርፋሪውን በመዳፉ ጠረገ፣ ባዶ ሰሃኖቹን ደረደረ፣ ወጣቱ ሲመጣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ሊያቀብለው ሞከረ። ኦብዱሊያ እጁን በማንኪያ መታችው።

«ይቀመጡ። ዛሬ እንግዳ ነዎት።»

ሽምብራውን በሉ፣ ዓሣውን በሉ። ስለ ሽመላ ወፎቹ ተነጋገሩ፤ ዘንድሮ ቀድመው ጎጆ ገብተዋል። ቡና መጣ። ከዚያ በኋላ ነው ኦብዱሊያ ስኒዋን እያሽከረከረች የጀመረችው።

«ቤቴ የሰዓቱ ድምፅ ይሰማል። ሌኦኖር እያለች ተሰምቶ አያውቅም፣ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ሰዓቱን የማልሰማበት ቦታ ነበረኝ። ተነሺ ያላለኝ ቦታ እሱ ብቻ ነበር።»

ኤላዲዮ አንገቱን ደፋ። «ሳቁብኝ» አለ። «ሶኮሮ እጮኛህ ናት ወይ አለችኝና ሰዎቹ ሳቁብኝ። አፈርኩ። በእርስዎ አይደለም ያፈርኩት፤ በራሴ ነው። እንዳልሆነ ላሳያቸው ብዬ ነው።»

«እና ምን ብለው መለሱላት?»

«ሂሳቡን አመጣሁልዎት።»

ኦብዱሊያ ወንዙን አየች። ፊቷ ምን እንደሚል ኤላዲዮ ሊያነብ አልቻለም፤ እሱ እጅ ነው የሚያነበው።

አዳራሹ ባዶ ሆኗል። ወጣቱ ጥግ ላይ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። የኤላዲዮ ስኒ ካለቀ ቆይቷል፤ የእሷም አልቋል። ያኔ ቀኝ እጇ ከጠረጴዛው ተነሣች። ኤላዲዮ ያን እጅ ያውቀዋል። ከአዳራሹ ማዶ ጀርባውን ሰጥቶ ቢቆም እንኳ ያውቀዋል፤ ተነሥቶ አየር ላይ አንዲት ሰረዝ ይሰርዛል፣ ያበቃል። በዕድሜው ሁሉ ካያቸው እጆች አንዱም እንዲህ አስፈርቶት አያውቅም።

እጇ አየር ላይ ቆመ። ሁለት ጣት አወጣች።

«ልጄ!» አለች ለወጣቱ፣ «ሁለት ቡና ጨምርልን። በትንሽ ወተት።»

ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተችና የታጠፈ ጋዜጣ አወጣች። የሆሳዕናው ነው፤ ጠርዙ ዝናብ ነክቶት ደርቆ ተጨማዷል። የመጨረሻውን ገጽ ዘረጋችው። ግማሹ ተሞልቷል፣ ግማሹ እንዳለ ባዶ ነው።

«ብቻዬን አልጨርሰውም ብዬ ነው» አለችው፣ ብዕሯንም ሰጠችው። «ጠጋ በል እስቲ፣ ከዚያ አይታይህም።»